መዝገብ ወደ ማያ ገጽ ሲሸጋገር፦ የመንግሥት ሠራተኛው ዲጂታል ክህሎት

የሚኒስትሮች ምክር ቤት በሰኔ 2012 ዓ.ም. «ዲጂታል ኢትዮጵያ 2025» የተሰኘውን ስትራቴጂ ካጸደቀ ወዲህ፣ የመንግሥት አገልግሎትን ከወረቀት ወደ ኤሌክትሮኒክ አሠራር የማሸጋገር ጉዳይ በተነሣ ቁጥር ውይይቱ በአብዛኛው የሚያተኩረው በፋይበር መስመር ዝርጋታ፣ በዳታ ማዕከል ግንባታ፣ በኮምፒውተርና በሶፍትዌር ግዢ ላይ ነው። ይህ ትኩረት ያለ ምክንያት የመጣ አይደለም፤ መብራትና ኔትወርክ በማይደርስበት ወረዳ ስለ ኤሌክትሮኒክ አገልግሎት ማውራት ትርጉም የለውምና። ሆኖም መሣሪያው ተገዝቶ፣ መስመሩ ተዘርግቶ፣ ሲስተሙም ተመርቆ ሳለ ባለጉዳዩ እንደ ወትሮው ፎቶ ኮፒ ይዞ ከክፍል ወደ ክፍል የሚመላለስበት መሥሪያ ቤት ጥቂት አይደለም። ልዩነቱን የሚፈጥረው በመስኮቱ ጀርባ የተቀመጠው ሠራተኛና ከእርሱ በላይ ያለው የቡድን መሪ የሚያውቁት፣ የሚያምኑትና እንዲሠሩ የተፈቀደላቸው ነገር ነው።

ስለ ጉዳዩ በግልጽ ለመነጋገር በቅድሚያ ሁለት ነገሮችን መለየት ያስፈልጋል። የመጀመሪያው ዲጂታይዜሽን የሚባለው ሲሆን፣ በወረቀት የነበረን መረጃ ወደ ኤሌክትሮኒክ ቅጂ መለወጥ ማለት ነው፤ አንድን የግል ማኅደር በስካነር አንሥቶ በኮምፒውተር ማስቀመጥ ለዚህ ምሳሌ ይሆናል። ሁለተኛው ዲጂታል ሽግግር ሲሆን፣ ሥራው ራሱ፣ ማለትም ማን ምን እንደሚወስን፣ የትኛው ማስረጃ ከማን እንደሚጠየቅ፣ ባለጉዳዩ ስንት ጊዜ እንደሚመጣ፣ ቴክኖሎጂው በሚፈቅደው መንገድ እንደ አዲስ ሲደራጅ የሚደረስበት ደረጃ ነው። የመጀመሪያው በአንድ ወር ሥልጠና ሊሠራ ይችላል። ሁለተኛው ግን ሠራተኛው የሚሠራበትን ደንብ ዓላማ እንዲረዳ፣ መረጃን እንዲመዝንና ለውጡን እንዲያስተባብር ይጠይቃል። በመንግሥት መሥሪያ ቤቶች «የዲጂታል ሥልጠና» እየተባለ የሚሰጠው ግን፣ ዎርድና ኤክሴል አጠቃቀምን ጨምሮ፣ ብዙውን ጊዜ ከመጀመሪያው አያልፍም።

ከመዝገብ ቤት የተገኘ ውርስ

ዳግማዊ ዐፄ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. የመጀመሪያዎቹን ሚኒስትሮች ከሾሙ በኋላ ደረጃ በደረጃ የተገነባው የኢትዮጵያ ቢሮክራሲ የራሱ የሆነ ጠንካራ የአሠራር ሥርዓት አለው። አንድ ደብዳቤ ወደ መሥሪያ ቤት ሲገባ በቅድሚያ መዝገብ ቤት ይደርሳል፤ እዚያ ቁጥርና ቀን ተሰጥቶት በገቢ መዝገብ ይሰፍራል፤ ከዚያም ከቀዳሚ ፋይሉ ጋር ተያይዞ ለኃላፊው ይቀርባል፤ ኃላፊው በኅዳጉ ላይ ለሚመለከተው ክፍል እንዲመራ ጽፎ ይፈርምበታል። ባለሙያው ጉዳዩን መርምሮ መልስ ያረቅቃል፤ ረቂቁ ተተይቦ ይፈረማል፤ ማኅተም ያርፍበታል፤ የወጪ ቁጥር ይሰጠዋል፤ ግልባጩ ለሚመለከታቸው ሁሉ ይላካል፤ አንዱ ቅጂ ደግሞ ወደ ፋይሉ ይመለሳል።

ይህን ሥርዓት የኋላ ቀርነት ምልክት አድርጎ ማየት የተለመደ ቢሆንም፣ አስተያየቱ ከባድ ስሕተት አለበት። ቁጥሩና ቀኑ ጉዳዩን ለመከታተል፣ የኃላፊው ፊርማ ተጠያቂነትን ለማስፈን፣ ማኅተሙ ትክክለኛነትን ለማረጋገጥ፣ ፋይሉ ደግሞ የመሥሪያ ቤቱን ትውስታ ለመጠበቅ የቆሙ ናቸው። በኤሌክትሮኒክ የሰነድ አስተዳደር ሥርዓት ውስጥ ለእነዚህ ሁሉ አቻ አለ፤ ሲስተሙ የሚሰጠው የማይደገም መለያ ቁጥር፣ ማን መቼ ምን እንዳደረገ የሚመዘግበው የክንውን መዝገብ፣ የዲጂታል ፊርማውና የመረጃ ቋቱ ያንኑ ተግባር ይፈጽማሉ። ስለዚህ ሃያና ሠላሳ ዓመት በመዝገብ ቤት የሠራች ሠራተኛ ለዲጂታል ሥራ ባዕድ አይደለችም፤ እንዲያውም የመረጃ አደረጃጀትን፣ የፋይል አከፋፈልንና የጠፋን ሰነድ የመፈለግን ጥበብ ከኮምፒውተር ሳይንስ ምሩቁ ይልቅ የምታውቀው እርሷ ናት። ይህችን ሠራተኛ «ቴክኖሎጂ አትችልም» ብሎ ወደ ጎን የሚገፋ መሥሪያ ቤት የራሱን ዕውቀት እየጣለ መሆኑን ሊያስተውል ይገባዋል። ሥልጠናው መጀመር ያለበት ከማውዝና ከኪቦርድ ሳይሆን ከምታውቀው ነው፤ ገቢ መዝገቡ የት እንደሄደ፣ ማኅተሙን ምን እንደተካው፣ የኃላፊው የኅዳግ ጽሑፍ በሲስተሙ ውስጥ በየትኛው ቦታ እንደሚሰፍር በማሳየት።

የቅርቡ ዘመን ተሐድሶ ታሪክም ትምህርት አለው። የመሠረታዊ የሥራ ሂደት ለውጥ ወይም በተለምዶ ቢፒአር የተባለው፣ ቀጥሎም ውጤት ተኮር የአፈጻጸም ሥርዓት፣ ከዚያም ካይዘን በየተራ ወደ ሲቪል ሰርቪሱ ሲገቡ እያንዳንዱ ብዙ ሺህ ሠራተኞችን ያካተተ ሥልጠና ይዞ መጥቷል። ከእነዚህ ውስጥ ሥር የሰደደ ለውጥ ያመጡ ክፍሎች እንዳሉ አይካድም። ነገር ግን ሠራተኛው ከሥልጠና አዳራሽ ወደ ቢሮው ሲመለስ የጠበቀው ያው የቀድሞ ቅጽ፣ ያው የፊርማ ሰንሰለት በሆነበት ሁሉ የተማረው ነገር ከጥቂት ወራት በላይ አልዘለቀም። ወረዳዎችን በሳተላይትና በመስመር ያገናኘው ወረዳ ኔትም እንዲሁ ለቪዲዮ ስብሰባ ሰፊ አገልግሎት ሲሰጥ ቢቆይም፣ የወረዳው ባለሙያ የዕለት ሥራውን የሚሠራበት መሣሪያ ወደ መሆን የተሸጋገረው በተወሰኑ ዘርፎች ብቻ ነበር። መስመሩን የዘረጋው ባለሙያ ሥራውን ጨርሶ ነበር፤ የወረዳውን የሥራ ሂደት ከመስመሩ ጋር የማገናኘት ኃላፊነት ግን ባለቤት አላገኘም።

ክህሎቱ ምን ምን ነው

የአውሮፓ ኅብረት እ.ኤ.አ. በ2013 ያወጣውና በኋላም ደጋግሞ ያሻሻለው ዲግኮምፕ የተሰኘ ማዕቀፍ የዜጎችን ዲጂታል ብቃት በአምስት ዘርፎች ይከፍለዋል፤ እነርሱም መረጃን መፈለግና መመዘን፣ መግባባትና መተባበር፣ ዲጂታል ይዘት ማዘጋጀት፣ ደኅንነት፣ ችግር መፍታት ናቸው። ይህ ለማንኛውም ዜጋ የሚያስፈልግ ነው። ዩኔስኮ እ.ኤ.አ. በ2022 ለመንግሥት ሠራተኞች ብቻ ያዘጋጀው ማዕቀፍ ደግሞ በዚህ ላይ ሦስት ዘርፎችን ያክላል፤ ዲጂታል ዕቅድና ንድፍ፣ የመረጃ አጠቃቀምና አስተዳደር፣ ዲጂታል አመራርና አፈጻጸም። ሁለተኛው ማዕቀፍ የአመለካከት ጉዳዮችን፣ ለምሳሌ መተማመንን፣ የማወቅ ጉጉትንና ለመሞከር ፈቃደኛ መሆንን፣ የብቃቱ አካል አድርጎ መቁጠሩ ሊጤን የሚገባው ነው። ስሕተት የሚያስቀጣበት መሥሪያ ቤት ሙከራን አይለምድም፤ ሙከራ በሌለበት ደግሞ ማንኛውም አዲስ ሲስተም በፍርሃት ብቻ ይነካል።

ማዕቀፍ ግን ካርታ እንጂ መንገዱ አይደለም። በኢትዮጵያ ሁኔታ ሠራተኛው በየቀኑ የሚገጥመውን ሲመለከቱ ከሁሉ በፊት የሚመጣው የመረጃ ጥራት ነው፤ እዚህ ላይ ደግሞ ከውጭ የተገዛ ሶፍትዌርም ሆነ ከውጭ የመጣ የሥልጠና ሰነድ የማያነሣቸው፣ ነገር ግን አገልግሎቱን የሚያቆሙ ወይም የሚያስኬዱ ጉዳዮች አሉ።

ስምን እንውሰድ። የአማርኛ ፊደል ድምፃቸው አንድ የሆነ ብዙ ሆሄያት አሉት። «ኃይለ ሥላሴ» የሚለውን ስም ለመጻፍ የመጀመሪያው ሆሄ ከሀ፣ ሃ፣ ሐ፣ ሓ፣ ኀ እና ኃ አንዱ ሊሆን ይችላል፤ ሥላሴ በሠራዊቱ ሥ ወይም በእሳቱ ስ ሊጀምር፣ በሁለቱም ዓይነት ሊጨርስ ይችላል። እነዚህን አማራጮች ብቻ ብናባዛ ሃያ አራት የአጻጻፍ ዓይነት ይገኛል፤ ስሙ ተያይዞ ወይም ተለያይቶ መጻፉን ስንጨምርበት 48 ይደርሳል። አንባቢው ሁሉንም አንድ ሰው ብሎ ያነባቸዋል። ለኮምፒውተሩ ግን ኀ እና ሀ ልክ እንደ በ እና ተ የተለያዩ ናቸው። በዚህ ምክንያት ባለጉዳዩ በጡረታ መዝገብ በአንድ፣ በቀበሌ መዝገብ በሌላ አጻጻፍ ከሰፈረ «ስምዎ የለም» ይባላል፤ ከዚያም ሁለቱ ስሞች የአንድ ሰው መሆናቸውን የሚገልጽ ማስረጃ እንዲያመጣ ይጠየቃል። ክህሎት ያለው ሠራተኛ ስሙ አለመገኘቱን ከመናገሩ በፊት በሌሎቹ አጻጻፎች ይፈልጋል። ከዚያ የሚበልጠው ደግሞ ሲስተሙ ሞክሼ ሆሄያትን በፍለጋ ጊዜ እንደ አንድ እንዲቆጥር የሚጠይቅ ማስታወሻ ለአልሚው ክፍል ይጽፋል። ይህን ማስታወሻ ለመጻፍ ኮድ መጻፍ ማወቅ አያስፈልገውም፤ ችግሩ ከየት እንደሚመጣ ማወቅ ይበቃዋል።

ሌላው የስም ጣጣ በአወቃቀሩ ላይ ነው። ኢትዮጵያዊ የቤተሰብ ስም የለውም፤ የራሱን፣ የአባቱንና የአያቱን ስም ያስከትላል። ቅጹ «የመጀመሪያ ስም» እና «የመጨረሻ ስም» የሚል ሁለት ሣጥን ብቻ ሲኖረው ገብረ መስቀል የተባለው ሰው «ገብረ» በመጀመሪያው፣ «መስቀል» በሁለተኛው ሣጥን ገብቶ ከአባቱ ሊነጠል ይችላል።

የዘመን አቆጣጠሩም ያንኑ ያህል ጥንቃቄ ይፈልጋል። ጥቅምት 12 ቀን 1990 ዓ.ም. የተወለደ ሠራተኛ በአውሮፓውያኑ አቆጣጠር የተወለደው እ.ኤ.አ. ኦክቶበር 22 ቀን 1997 ነው። ከመስከረም እስከ ታኅሣሥ 22 ገደማ ልዩነቱ ሰባት ዓመት፣ ከዚያ በኋላ ስምንት ዓመት መሆኑን የማያውቅ መዝጋቢ ሁልጊዜ ስምንት ጨምሮ 1998 ይላል። ከዚህ የከፋው ግን ቁጥሩን እንዳለ ወደ ሲስተሙ ማስገባት ነው፤ 12/02/1990 ተብሎ የገባው ቀን በሲስተሙ ውስጥ የፌብሩዋሪ ቀን ይሆንና ሠራተኛውን ከሰባት ዓመት በላይ ያስረጀዋል። የመንግሥት ሠራተኛ የጡረታ ዕድሜ 60 በመሆኑ፣ ማንም ሳያስተውለው ለዓመታት በመረጃ ቋት ውስጥ የተኛ ይህ ስሕተት አንድን ሰው ከጊዜው ቀድሞ ከሥራ ሊያስወጣ ይችላል። የጳጉሜን አምስት ወይም ስድስት ቀናት ጨርሶ የማይቀበል ሶፍትዌር ሲያጋጥም ደግሞ መዝጋቢው ልደቱን ወደ ነሐሴ 30 ወይም ወደ መስከረም 1 እየገፋ ያስገባል፤ በዚህም መረጃው ሆን ተብሎ ይዛባል።

የፊደሉ ቅርጽ ራሱም ታሪክ አለው። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ በተባለው ዓለም አቀፍ የሆሄያት መለያ ደረጃ ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ1999 በወጣው ሦስተኛ እትም ነው። ከዚያ በፊትና ለብዙ ዓመታት ከዚያ በኋላም፣ መሥሪያ ቤቶች ይጠቀሙባቸው የነበሩት የአማርኛ መጻፊያ ፕሮግራሞች ሆሄውን በላቲን ፊደል መለያ ላይ የሚለጥፉ ስለነበሩ፣ ያ ቅርጸ ቁምፊ በሌለው ኮምፒውተር ሲከፈቱ ደብዳቤዎቹ ትርጉም የለሽ ምልክቶች ይሆናሉ። በመሥሪያ ቤቶች ኮምፒውተር ውስጥ የተከማቹ በዚህ ዓይነት የተጻፉ ቃለ ጉባኤዎችና ውሳኔዎች በፍለጋ አይገኙም፤ ወደ ሌላ ሲስተምም አይሻገሩም። ሠራተኛው አዲስ ሰነድ በዩኒኮድ እንዲጽፍና ነባሩን እንዲለውጥ ማሠልጠን ውድ አይደለም፤ እየዘገየ በሄደ ቁጥር ግን የሚጠፋው የመንግሥት ትውስታ ነው።

እነዚህ ሁሉ ዛሬ ከቀድሞው የበለጠ ክብደት አግኝተዋል። በአዋጅ ቁጥር 1284/2015 ሕጋዊ መሠረት የተሰጠው የፋይዳ ዲጂታል መታወቂያ የእያንዳንዱን ተመዝጋቢ የአሥር ጣቶች አሻራ፣ የሁለት ዓይኖች ብሌንና የፊት ምስል ከስሙ፣ ከፆታው፣ ከትውልድ ቀኑና ከአድራሻው ጋር አያይዞ 12 አኃዝ ያለው ልዩ ቁጥር ይሰጠዋል። አሻራው አይሳሳትም ቢባል እንኳ ስሙንና ቀኑን የሚያስገባው ሰው ነው። አንድ ጊዜ የተሳሳተ ስም በወረቀት መታወቂያ ላይ ሲሆን ጉዳቱ በአንድ ቀበሌ ይወሰናል፤ በፋይዳ ላይ ሲሆን ግን ቁጥሩን የሚጠቀም ባንክ፣ የገቢዎች ጽሕፈት ቤት፣ ትምህርት ቤት ሁሉ ይወርሰዋል።

የጤናው ዘርፍ ያሳየው

የመንግሥት ሠራተኛን ዲጂታል ክህሎት በስፋት ለማጥናት ከጤናው ዘርፍ የተሻለ ቦታ በኢትዮጵያ ማግኘት ያስቸግራል። የጤና ኤክስቴንሽን ፕሮግራም በ1995 ዓ.ም. ከተጀመረ በኋላ በየገጠር ቀበሌው ሁለት ሴት ሠራተኞች ተመድበው የእያንዳንዱን አባወራ የጤና ሁኔታ በቤተሰብ ማኅደር ይመዘግቡ ነበር። ጤና ሚኒስቴር ከ2008 ዓ.ም. ጀምሮ ባካሄደው የዘርፉ የትራንስፎርሜሽን ዕቅድ ውስጥ ከአራቱ ዋና አጀንዳዎች አንዱን «የመረጃ አብዮት» ብሎ ሰየመው፤ ይህም ሁለት ጎን ነበረው፤ አንዱ የመረጃ ሥርዓቱን ወደ ዲጂታል ማሸጋገር፣ ሌላው መረጃን ለውሳኔ የመጠቀም ባህልን መገንባት። ሁለተኛውን ከመጀመሪያው እኩል ማስቀመጡ የዕቅዱ ትልቅ ጥበብ ነበር።

በዚህ መንገድ የወረቀቱ ማኅደር ወደ ታብሌት የተሸጋገረበት የኤሌክትሮኒክ የማኅበረሰብ ጤና መረጃ ሥርዓት ተዘረጋ፤ ሠራተኛዋ ኔትወርክ በሌለበት መንደር እናቲቱን መዝግባ ኔትወርክ ስታገኝ መረጃውን ትልካለች፤ ቀጣዩ የእርግዝና ክትትል ወይም ክትባት መቼ እንደሚደርስም መሣሪያው ያስታውሳታል። ይሁን እንጂ በብዙ ቦታ ወረቀቱ አልቀረም። ሠራተኛዋ ቀን በታብሌት የመዘገበችውን ማታ በመዝገብ ትገለብጣለች፤ ምክንያቱም የጤና ጣቢያው ኃላፊ ሪፖርቱን የሚቀበለው፣ ሱፐርቫይዘሩም ሲመጣ የሚያየው መዝገቡን ነው። ክህሎት የጎደለው እዚህ ላይ የት እንደሆነ ማየት ያሻል። እርሷ ታብሌቱን ችላለች። ያልቻለው ከታብሌቱ የሚወጣውን ዳሽቦርድ፣ ማለትም አኃዞችን በሥዕል የሚያሳየውን ገጽ፣ አንብቦ ሥራዋን መገምገም የሚገባው አለቃዋ ነው። አለቃው እስካልተማመነበት ድረስ ድርብ ሥራው ይቀጥላል፤ ድርብ ሥራ ደግሞ የደከመችውን ሠራተኛ ከሁለቱ አንዱን በግምት እንድትሞላ ይገፋፋታል።

አለቃው መማር ያለበት

ከጤናው ዘርፍ የሚታየው ነገር በአጠቃላይ ሲቪል ሰርቪሱም ይሠራል። ሥልጠና ሲመጣ ጀማሪ ባለሙያው ይላካል፤ ዳይሬክተሩ ለመክፈቻ ንግግር ይገኝና ወደ ስብሰባው ይሄዳል። የሥራ ሂደትን የመለወጥ ሥልጣን ያለው ግን እርሱ ነው። አንድ የኤሌክትሮኒክ ማመልከቻ ታትሞ ለፊርማ እንዲቀርብለት የሚያዝ ኃላፊ፣ በሚሊዮን ብር የተገዛን ሲስተም በአንዲት ትእዛዝ የማተሚያ መሣሪያ ያደርገዋል። ይህን የሚያደርገው ሁልጊዜ ከግትርነት አይደለም፤ ኦዲተር ቢመጣ፣ ፍርድ ቤት ማስረጃ ቢጠይቅ በእጁ የሚይዘው ነገር እንዲኖረው ስለሚፈልግ ነው።

ስለዚህ የኃላፊው የመጀመሪያ ትምህርት ሕጉ መሆን አለበት። የኤሌክትሮኒክ ፊርማ አዋጅ ቁጥር 1072/2010 እና የኤሌክትሮኒክ ግብይት አዋጅ ቁጥር 1205/2012 ለኤሌክትሮኒክ መልእክትና ፊርማ ሕጋዊ ዕውቅና ሰጥተዋል። የዲጂታል ፊርማ በስካነር የተነሣ የፊርማ ምስል አይደለም፤ ፈራሚው ብቻ በያዘው ምስጢራዊ ቁልፍ የሚመነጭ፣ ሰነዱ ከተፈረመ በኋላ አንዲት ፊደል ብትለወጥ የሚያስታውቅ የሒሳብ ማኅተም ነው። ይህን የተረዳ ኃላፊ ከክብ ማኅተሙ የበለጠ መተማመኛ እንዳገኘ ያውቃል። የማያውቀው ግን የፊርማውን ፎቶ በየደብዳቤው እንዲለጥፍ ለጸሐፊው ሰጥቶ ዲጂታል የሆነ ይመስለዋል፤ ያ ምስል በማንም እጅ ሊባዛ የሚችል በመሆኑም ከወረቀቱ ፊርማ የባሰ አደጋ ላይ ይጥለዋል።

ሦስተኛው ሕግ የግል ዳታ ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 1321/2016 ነው። ዛሬ በብዙ መሥሪያ ቤቶች ደብዳቤ በስልክ ፎቶ ተነሥቶ በቴሌግራም ቡድን ይለቀቃል፤ የሠራተኞች የደመወዝ ዝርዝር በግል ኢሜይል ይላላካል፤ የታካሚ ወይም የተረጂ ስም ዝርዝር በፍላሽ ከቢሮ ቢሮ ይዞራል። ይህ የሚሆነው ሥራው እንዲፈጥን ከመፈለግ የተነሣ መሆኑን መቀበል ተገቢ ነው፤ መንግሥታዊው መንገድ ሲዘገይ ሠራተኛው ፈጣኑን ይመርጣል። ነገር ግን የዜጋውን ስልክ፣ የጤና ሁኔታና አድራሻ ቁጥሩ ለማይታወቅ ሰው ማሳየት የሕግ ጥሰት መሆኑን ሠራተኛው ካላወቀ፣ አማራጭ መንገድም ካልተሰጠው ጥሰቱ እንደ መደበኛ አሠራር ይቆጠራል።

በመረጃ የመፍረድ ክህሎት ሲጎድል ምን እንደሚከተል አውስትራሊያ በከባድ ዋጋ ተምራለች። የአገሪቱ መንግሥት እ.ኤ.አ. ከ2015 እስከ 2019 በሠራበት፣ በኋላ ሮቦዴት በተባለው ሥርዓት የድጎማ ተቀባዮች ዓመታዊ ገቢ ከግብር መሥሪያ ቤት ተወስዶ በየሁለት ሳምንቱ እኩል ይከፋፈልና ከተቀበሉት ድጎማ ጋር ይነጻጸር ነበር። አንድ ሰው ስድስት ወር ሠርቶ ስድስት ወር ሥራ ፈት ከነበረ አማካዩ ዓመቱን ሙሉ ገቢ እንደነበረው ያስመስላል፤ ስለዚህ በችግሩ ወራት በሕጋዊ መንገድ ያገኘውን ድጎማ እንዲመልስ ዕዳ ይጻፍበታል። ይህ ዕጣ ከ400 ሺህ በላይ ሰዎችን ነካ። እ.ኤ.አ. በ2023 ሪፖርቱን ያቀረበው አጣሪ ኮሚሽን እንዳሳየው አሠራሩ ያለ ሕግ ለውጥ ሊተገበር እንደማይገባ የሚገልጽ የውስጥ የሕግ ምክር ቀድሞ ነበር። ሒሳቡ የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ የሚረዳው ነው፤ አማካይ የእያንዳንዱን ወር እውነታ አይናገርም። በዚህ ሰንሰለት ውስጥ የተቀመጡ ብዙ ባለሙያዎች ኮምፒውተር መጠቀም ያውቁ ነበር፤ የጎደለው ውጤቱን ጠይቆ የማስቆም ብቃትና ለዚያ የሚሆን ድፍረት ነው። ኢትዮጵያ የሰው ሠራሽ አስተውሎትን ወደ መንግሥት ውሳኔ ለማስገባት በምትዘጋጅበት በዚህ ወቅት ይህ ክህሎት ከማናቸውም ኮርስ መቅደም ይኖርበታል።

ሥልጠናው የት ይሰጥ

የተለመደው መንገድ ይታወቃል፤ ሠራተኞች ከመሥሪያ ቤታቸው ርቀው በሆቴል አዳራሽ ለአምስት ቀን ይሰበሰባሉ፣ ውሎ አበል ይከፈላቸዋል፣ በተንሸራታች ገጾች ገለጻ ይደረግላቸዋል፣ የምስክር ወረቀት ይዘው ይመለሳሉ። አበሉ ለአነስተኛ ደመወዝተኛ ትርጉም ያለው ገቢ ስለሆነ ማን ይሂድ የሚለው ጥያቄ ማን ያስፈልገዋል ከሚለው ጥያቄ ተነጥሎ ይወሰናል። የተማሩበት ሲስተምም ቢሮ ካለው የተለየ ሥሪት ሆኖ ይገኛል።

የሌሎች አገሮች ልምድ ሌላ አቅጣጫ ይጠቁማል። ሲንጋፖር እ.ኤ.አ. በ1981 የሲቪል ሰርቪስ ኮምፒውተራይዜሽን ፕሮግራሟን ስትጀምር ብሔራዊ የኮምፒውተር ቦርድ አቋቁማ የቦርዱን ባለሙያዎች በየሚኒስቴሩ ውስጥ መደበች፤ ሥራውና ትምህርቱ በአንድ ጠረጴዛ ላይ ተካሄዱ። ህንድ እ.ኤ.አ. በ2020 ያጸደቀችው ካርማዮጊ የተሰኘ መርሐ ግብር ደግሞ ሥልጠናን ከማዕረግ ይልቅ ሠራተኛው ከያዘው ሚና ጋር አያይዞ በኢንተርኔት ያቀርባል። ሁለቱም ሠራተኛው ነገ ጠዋት ከሚሠራው ሥራ ይነሣሉ።

በሐምሌ 2016 ዓ.ም. ከተባበሩት ዓረብ ኤምሬትስ ጋር በመተባበር የተጀመረው የአምስት ሚሊዮን ኮደሮች መርሐ ግብር ፕሮግራሚንግ፣ ዳታ ሳይንስና የሰው ሠራሽ አስተውሎት መሠረታውያንን በነፃ ለሁሉም ዜጎች ያቀርባል፤ ብዙ የመንግሥት ሠራተኞችም ገብተውበታል። ለሠራተኛው በር ይከፍትለታል፤ ነገር ግን ስለ ገቢ መዝገብ፣ ስለ ጳጉሜ ወይም ስለ አዋጅ ቁጥር 1321 አያስተምረውም፤ ያን ማስተማር የሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን፣ የሲቪል ሰርቪስ ዩኒቨርሲቲና የየመሥሪያ ቤቱ የሰው ሀብት ክፍል ድርሻ ነው። በሚያዝያ 2017 ዓ.ም. በአዲስ አበባ ሥራ የጀመረው መሶብ የአንድ ማዕከል አገልግሎት በዚህ ረገድ ትልቅ ዕድል ፈጥሯል። የተለያዩ የፌዴራል ተቋማት ሠራተኞች በአንድ ጣሪያ ሥር ጎን ለጎን ሲቀመጡ፣ አንዱ ተቋም ከሌላው የሚጠይቀውን ማስረጃ ባለጉዳዩ ከሚያመላልሰው ይልቅ ተቋማቱ በቀጥታ ሊለዋወጡት እንደሚገባ ሠራተኛው በዓይኑ ያያል። ማዕከሉን የሥልጠና ስፍራም ማድረግ፣ የክልልና የወረዳ ሠራተኞች ለሁለት ለሦስት ሳምንት ተመድበው እንዲሠሩበት መፍቀድ፣ ከብዙ የሆቴል አዳራሽ ቀናት የበለጠ ያስተምራል።

የቋንቋው ጉዳይ በአጭሩ መነሣት አለበት። አብዛኞቹ የሲስተም ገጾችና የአጠቃቀም መመሪያዎች የተዘጋጁት በእንግሊዝኛ ነው፤ ሥራው የሚሠራው ግን በአማርኛ፣ በአፋን ኦሮሞ፣ በትግርኛ፣ በሶማሊኛ፣ በአፋርኛና በሌሎች ቋንቋዎች ነው። ሠራተኛው የስሕተት መልእክቱን ማንበብ ካልቻለ «ሲስተም እምቢ አለ» ከማለት ውጭ አማራጭ የለውም።

ክህሎት ያገኘ ሠራተኛ እንዲቆይ ማድረግ ሌላው ፈተና ነው። በመንግሥት መሥሪያ ቤት የመረጃ ቋት ማስተዳደርን የለመደ ባለሙያ ባንክ ወይም የግል ድርጅት ብዙ እጥፍ ደመወዝ ሲያቀርብለት ይለቅቃል፤ የይለፍ ቃሉንና ያልጻፈውን ዕውቀት ይዞ ይሄዳል። ደመወዙን ከባንክ ጋር ማስተካከል ለመንግሥት ከባድ ቢሆንም፣ የሥራ መደብ ምዘናው የመረጃ ጥራትን የምትጠብቀውን መዝጋቢ ከተራ ጸሐፊ በላይ ደረጃ እንዲሰጣት ማድረግ ይቻላል፤ ባለሙያው የሠራውን በጽሑፍ ሳያስረክብ መሸኛ እንዳይሰጠው ማድረግም ይቻላል። የሲስተም ግዢ ውል ሲዘጋጅ ሥልጠና በዋጋ ዝርዝሩ መጨረሻ ላይ እንደ ተጨማሪ መስመር እንዳይቀመጥ፣ የክፍያው የተወሰነ ክፍልም ሲስተሙ በተዘረጋ በስድስተኛው ወር የወረቀቱ መዝገብ መዘጋቱ ሲረጋገጥ ብቻ እንዲለቀቅ በውሉ ማስገባት የግዢ ክፍሉ ዛሬውኑ ሊወስደው የሚችል እርምጃ ነው።